ከዱቤ ደብተር ጀርባ የተጀመረ ሙሐሰባ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ጉዳይ ብዙዎቻችን በውስጣችን ተሸክመነው የምንኖረው፣ ለማንም ግን የማንነግረው በሽታ ነው። ይኸውም «እኔ ለዚህ አልበቃም» የሚለው ሐሳብ ነው። አዛን ማድረግ የሚችል ወጣት ድምፄ አያምርም ብሎ ከኋላ ሶፍ ይቀመጣል። ቁርአን በደንብ የቀራች እኅት የሠፈሩን ልጆች ሰብስበሽ አስቀሪ ስትባል «እኔ ማን ሆኜ?» ትላለች። የመስጂዱ ኮሚቴ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ሲፈልግ ሃያ ዓመት የነገደው ሰው አንገቱን ይደፋል። ነገሩ ከውጭ ሲታይ ተዋዱዕ (ትሕትና) ይመስላል። ከውስጥ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ሆኖ ይገኛል። ሙስሊሙ ኅብረተሰብ በዚህ ምክንያት የሚያጣውን ጉልበት ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ስለዚህ በሽታ ስጽፍ ከበሽተኞቹ እንደ አንዱ እንጂ እንደ ሐኪም አይደለም። የሞከርሁትን አንድ መድኃኒት ግን ለወንድምና እኅቶቼ ባካፍል ከጥቅም ውጭ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱም ብዕርና ወረቀት ነው።

ሱቁና ደብተሩ

ያደግሁት በመተማ ቆላ ነው። መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ ወንዝና አንድ ድልድይ ብቻ ነው። በእኛ አገር ዓመቱ የሚቆጠረው በሰሊጥ ነው። ክረምት ሲገባ ገበሬው ለማረሚያና ለቀለብ ይበደራል፤ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ደርቆና ተራግፎ ሲሸጥ ይከፍላል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚያሻግረው የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። አባቴ ባለሱቅ ስለነበር እኔም የደብተር ልጅ ነኝ።

ትምህርቴን በተመለከተ ቁርአን የቀራሁት ከድንበሩ ማዶ በነበረ ኸልዋ፣ በእንጨት ለውሕ ላይ እየጻፍሁና እያጠብሁ ነው። የአማርኛ ትምህርቴን ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥሁ። በመሆኑም ዐረብኛዬ ለዓሊሞች ፊት፣ አማርኛዬም ለተማሩ ሰዎች ፊት የሚበቃ አይመስለኝም ነበር። ሁለት ቋንቋ በግማሽ በግማሽ ይዤ አንድም ሙሉ የለኝም እያልሁ በራሴ አፍር ነበር።

ከዓመታት በፊት ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ለወጣቶች ደርስ ይሰጡ የነበሩ አንድ ሸኽ ወደ አኼራ ሄዱ። ጀማዓው እኔን ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ እምቢ አልሁ። በአራተኛው አፍሬ እሺ አልሁና በመጀመሪያው ምሽት ፊታቸው ተቀመጥሁ። ሐምድና ሰለዋት አድርሼ ቀና ስል ምላሴ ታሰረ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ አልተፈታም። ዱዓእ አድርጌ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ መስጂድ የምሄደው ኢቃም ሊባል ሲል፣ የምወጣውም ሰላምታው እንዳለቀ ሆነ። ሱቄ ውስጥ ተከተትሁ።

አንድ ሌሊት እንደ ልማዴ ዱቤ ስደምር ቆይቼ ደብተሩን ገለበጥሁትና በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «ያን ዕለት ዝም ያልሁት ስለማላውቅ ነው ወይስ ስለፈራሁ?» መልሱን ወዲያው አላገኘሁትም። በማግሥቱ ሌሊት ግን «ስለፈራሁ» ብዬ ጻፍሁ። በሦስተኛው ሌሊት «ማንን?» ብዬ ጠየቅሁ። ያኔ ነው ነገሩ ግልጽ የሆነልኝ። የፈራሁት ጀማዓውን አልነበረም። ከጀማዓው መካከል ንግግር የሚያርም አንድ የተማረ ሰው ነበር፤ የፈራሁት የእርሱን ፈገግታ ነው። ስለ አንድ ሰው ፈገግታ ብዬ ሰላሳ ልጆችን ደርስ አልባ አድርጌአቸው ኖሯል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ብዕር ግን አንዴ ከጀመረች የምትፈልጉትን ብቻ አትጽፍም። ገጾቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በደብተሩ ፊት ለፊት ሰዎች ለእኔ ያለባቸው ዕዳ ሁሉ በስም፣ በቀንና በብር ተመዝግቧል። እኔ ለሰዎች ያለብኝ ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለእኔ ነበር። እስቲ ብዬ መጻፍ ስጀምር ያለፈው ዓመት ሰሊጥ ካረሙልኝ የቀን ሠራተኞች አንዱ ወባ ታሞ ሳይጨርስ ወደ ደጋ አገሩ መመለሱ፣ የሠራባቸውንም ቀናት ገንዘብ «ሲመጣ እሰጠዋለሁ» ብዬ መርሳቴ ትዝ አለኝ። በእርግጥ ረስቼው ነበርን? ብዕሩ «ልትረሳው ስለፈለግህ ነው» አለኝ። በቀጣዩ የአጨዳ ወቅት ያገሩን ልጆች እየጠየቅሁ ደርሼበት በአገሩ ሰው እጅ ላክሁለት። የደረሰውም መልእክት «አላህ ይስጥህ» የሚል ነበር። ለደርስ አልበቃም ያልሁበት ዋና ምክንያት የቋንቋ ማነስ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ልቤ አንድ ዕዳ እንዳለብኝ ያውቅ ነበር።

የዕዳው አያ ምን ያስተምረናል?

በቁርአን ውስጥ ከአያዎች ሁሉ ረጅሙ ስለ ጾም ወይም ስለ ሐጅ አይደለም። ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ይህም በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አያ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በዚህ አያ ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች፣ መጻፍ የሚችልም ሰው አላህ እንዳስተማረው ከመጻፍ እንቢ እንዳይል ያዝዘናል። ለነጋዴ ሰው ይህ በየቀኑ የሚኖርበት ሕግ ነው። ነገር ግን በአያው ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፈው አንድ ቁም ነገር አለ። ዕዳውን የሚያስጽፈው ማን ነው? አበዳሪው አይደለም። ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ በአንደበቱ እየተናገረ፣ አላህን እየፈራና ምንም ሳያጓድል እንዲያስጽፍ ነው የታዘዘው።

ይህን ወደ ነፍሳችን ስናዞረው ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። በአላህ ፊት ባለ ዕዳዎቹ እኛ ነን። በመሆኑም ሌላ ሰው ስለ እኛ ሳይናገር በፊት እኛው ራሳችን ምንም ሳናጓድል ማስጻፍ ይገባናል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በእናንተ ላይ ሒሳብ ሳይደረግ በፊት ራሳችሁን ተሳሰቡ ማለታቸው በሰፊው የሚታወቅ ምክር ነው። ዑለሞቻችንም ይህን ሙሐሰባ ብለው ሰይመውታል።

መጠራጠርና ፍርሃትም ቢሆን የደካሞች ብቻ አይደለም። ነብዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ደረቴ ይጠብባል፣ ምላሴም አይፈታም ብለው ለጌታቸው አቤት ብለዋል፤ ወንድማቸው ሃሩንም እንዲታከልላቸው ለምነዋል። የተናገሩት ግን ለመቅረት አልነበረም። ፍርሃታቸውን በስሙ ጠርተው ለአላህ ነገሩት፤ ከዚያም ሄዱ። የእኛ ፍርሃት የሚከፋው ስሙን ሳንጠራው ቤታችን ስለሚያስቀምጠን ነው።

የሶሓባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ታሪክም በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ከቁረይሾች አንዳንዶቹ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቁጣም በደስታም የሚናገሩ ሰው ስለሆኑ ሁሉን መጻፍ አይገባም ሲሉት ብዕሩን አስቀመጠ። ጉዳዩን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግር ግን ወደ አፋቸው እያመለከቱ ከዚህ እውነት እንጂ ሌላ እንደማይወጣ አረጋግጠው እንዲጽፍ አዘዙት። የሰዎች ቃል ያስቀመጠው ብዕር ተመልሶ ተነሣ። እርሱ የጻፈው ሰሒፋም «አስ-ሰሒፋ አስ-ሷዲቃ» በሚል ስም ይታወቃል። በዚያን ቀን እንደተወው ቢቀር ኖሮ ዑማው ምን ያህል ይጎድልበት እንደነበር ገምቱ።

ዑለሞች ስለ ራሳቸው ሲጽፉ

ኢማም አል-ገዛሊን የማያውቅ ሙስሊም የለም ማለት ይቻላል። በ1095 እ.ኤ.አ. (488 ሂጅራ) በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ የታወቁ መምህር በነበሩበት ወቅት ኒያቸውን ቢመረምሩት የሚያስተምሩት ለዝናና ለክብር መሆኑ ተገለጠላቸው። ለስድስት ወር ያህል ልሂድ አልሂድ በሚል ሐሳብ ተጨንቀው በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ማስተማርም ምግብ መዋጥም አቃታቸው። ሐኪሞችም ሕመሙ የልብ እንጂ የአካል አይደለም አሏቸው። ከባግዳድ ወጥተው አሥራ አንድ ዓመት ያህል በሻም፣ በመካና በሌሎች አገሮች ከቆዩ በኋላ በ1106 እ.ኤ.አ. ወደ ማስተማር ተመለሱ። ይህን ሁሉ «አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል» በተባለው ኪታባቸው ራሳቸው ጽፈውታል። የአንድ ትልቅ ዓሊም ምላስ መታሰሩን የምናውቀው እርሳቸው ሳያፍሩ ስለጻፉልን ነው። የመተማው ባለሱቅ ምላስ መታሰሩ ከእርሳቸው ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ ይህን ካነበብሁ በኋላ ብቻዬን እንዳልሆንሁ አወቅሁ።

በ1201 እ.ኤ.አ. ያረፉት የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ ደግሞ «ሶይዱል ኻጢር» የተሰኘ ኪታብ አላቸው። ትርጉሙ የሐሳብ አደን እንደ ማለት ነው። ወደ ልብ የሚመጣ ሐሳብ ወዲያው ካልተያዘ ያመልጣል በማለት፣ በየጊዜው የመጣላቸውን ግሣጼ፣ ፀፀትና ምክር እየያዙ በአጫጭር ምዕራፍ ጽፈዋል። የእኛም አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ግን የዑመር ኢብኑ ሰዒድ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በዛሬዋ ሴኔጋል በሚገኘው ፉታ ቶሮ ተወልዶ ሃያ አምስት ዓመት ዒልም ከፈለገ በኋላ በ1807 እ.ኤ.አ. ተማርኮ በባርነት ወደ አሜሪካ ተወሰደ። በ1831 እ.ኤ.አ. በኖርዝ ካሮላይና ሳለ የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ። ሲጀምርም ሱረቱል ሙልክን አስቀደመ። የሱረቱ መነሻ ንግሥናም ባለቤትነትም የአላህ ብቻ መሆኑን የሚናገር ነው። ሰው የሰው ንብረት ተብሎ በተያዘበት አገር ይህን ሱራ ማስቀደም ምን ማለት እንደሆነ ለአስተዋይ ግልጽ ነው። ዑመር ሕይወትህን ጻፍ ሲባል ብዙ ቋንቋዬን፣ ዐረብኛውንም ረስቻለሁና መጻፍ አይሆንልኝም፤ ስሕተት ብታገኙ አትውቀሱኝ የሚል ሐሳብ አስቀድሞ ነው የጻፈው። ይሁንና ጻፈ። ያ ጥቂት ገጽ ያለው ጽሑፍ በ2017 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ወደሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ዛሬ በጥንቃቄ ተቀምጧል። «አይሆንልኝም» ብሎ ቢተወው ኖሮ ይህን የሕይወት ታሪክ በራሱ ቃል ባላገኘነው ነበር።

የእኛስ ደብተር የት አለ?

በአገራችንም ይህ ባሕል እንግዳ አይደለም። የወሎ መሻይኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ እየጻፉ መንዙማና ትምህርት ለተከታዮቻቸው አቆይተዋል። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲገደዱ የተቃወሙት ሸኽ ጦልሐ ኢብኑ ጀዕፈር ከእነዚህ አንዱ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ትምህርት ቤት አልገባሁም ብለው አልተቀመጡም፤ በእጃቸው ባለው ፊደል ጻፉ።

ወደ መተማ ስንመለስ ከተማዋ በታሪክ የምትጠራው በአንድ ነገር ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመህዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁባት ቦታ ናት። ስለዚያ ጦርነት ከነገሥታት ወገንም ተጽፏል፤ ከማዶም ኢስማዒል ኢብኑ ዐብዱልቃዲር የተባለው የኸሊፋው ጸሐፊ ስለ ድሉ ኪታብ ጽፏል። ነገር ግን መተማ ጦር ሜዳ ብቻ አልነበረችም። ከምዕራብ ሱዳን ለሐጅ ሲጓዙ የቀሩ ተክሩሮች የሰፈሩባት፣ ጥጡና ቡናው የሚገበያይባት የነጋዴ አገር ነበረች። የዚያ ነጋዴ ልብ ምን ይል እንደነበር የጦርነት ኪታብ አይነግረንም። ያን ሊጽፈው የሚችለው ነጋዴው ራሱ ነበር። የዛሬውንም የምንጽፈው እኛው ነን።

እንዴት እንጀምር?

በዚህ ጉዳይ ከተሞክሮዬ የሚከተሉትን ነጥቦች ለአንባብያን አቀርባለሁ።

1ኛ. ኒያን ማስተካከል። የሚጻፈው ለመታየት ሳይሆን በአላህና በራስ መካከል ያለውን ለማጥራት መሆን አለበት።

2ኛ. ጊዜ መወሰን። ከዒሻእ በኋላ ወይም ከሱብሒ በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አላህ ዘንድ ከሥራ ተወዳጁ ጥቂትም ቢሆን የዘወተረ መሆኑን ከሐዲስ እናውቃለን።

3ኛ. በጥያቄ መጀመር። ዛሬ ምን ፈራሁ? ማንን ፈራሁ? ያለብኝ የሰው ሐቅ ምንድን ነው? አላህ የሰጠኝስ ምንድን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉ። እኔ የማውቀውን ልቁጠር ብዬ ስጽፍ ዕዳና ዱቤን የሚመለከቱ ሰባት ነገሮች በደንብ እንደማውቅ አገኘሁ። ወደ ደርስ ስመለስ የመጀመሪያ ርዕሴ እነዚያ ሆኑ።

4ኛ. ጥርጣሬውን መመርመር። ሁለት ዓይነት ጥርጣሬ አለ። አንዱ «ይህን አታውቅምና ተማር፣ ይህን አጥፍተሃልና ካስ» ይላል። ይህ ኸይር ነው፤ ሥራ ያሳያል። ሁለተኛው «አንተ ከንቱ ነህ» ብሎ ያበቃል እንጂ ምን አድርግ እንደሚል አይታወቅም። ይህ ወስዋስ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን፣ ከአቅመ ቢስነትና ከስንፍና በአላህ ይጠበቁ እንደነበር አንርሳ። ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ሁለቱ ይለያያሉ። በልብ ውስጥ ሳሉ ግን ድምፃቸው አንድ ነው።

5ኛ. የጻፉትን በየወሩ መልሶ ማንበብ። ዱቤ ተጽፎ ካልተደመረ ዋጋ የለውም።

በሌላ በኩል ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። አላህ የሸፈነውን ወንጀል ገልጦ ማሳየት በሐዲስ የተወገዘ ነው። ስለዚህ ወንጀልን በዝርዝር መተረክ አይገባም፤ ተውባ ማድረግና ሐቅ መመለስ ይበቃል። የሰው ነውርም አይጻፍ፤ ሐሜት በብዕርም ሐሜት ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለዚያ ፈገግ ባይ ሰው የጻፍኋቸውን ሦስት ገጾች ቀድጄ አቃጥያለሁ። ደግሞም ደብተር የዓሊምና የጓደኛ ምትክ አይደለም። ጭንቀቱ ከእንቅልፍና ከምግብ የሚከለክል ከሆነ ሐኪም ማማከር ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ግማሹ ቋንቋ

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኻርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፈ። ሱዳኖች ነበሩ፤ ዓመታት ሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የሌላ አገር ሰዎችም ነበሩ። አንድ ቀን ከድልድዩ አጠገብ አንዲት ሱዳናዊት እናት ሕፃን ታቅፈው መድኃኒት ሲጠይቁ የሚሰማቸው ጠፋ። ቀርቤ «ያ ኻለቲ፣ ምን ላግዝዎ?» አልኋቸው። ያ ዓሊም ፊት ያፈርሁበት የኸልዋና የገበያ ዐረብኛ ለእርሳቸው ይበቃ ነበር። ያ የስድስተኛ ክፍል አማርኛም ለጤና ሠራተኛዋ በቃ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት ሱቄን ለወንድሜ ትቼ ሳስተረጉም፣ ለዘመድም መልእክት ስጽፍ ቆየሁ። በዚያው ሌሊት በደብተሩ ጀርባ የጻፍሁት «ሁለት ግማሽ ያልሁት ድልድይ ኖሯል» የሚል ነበር።

ይህን ስል ፍርሃቱ ጠፍቷል ማለቴ አይደለም። እስካሁን ደርስ ከመጀመሬ በፊት አፌ ይደርቃል። ያ የተማረ ወንድምም አሁንም ከፊት ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ያርመኛል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር ፍርሃቴን ስሙን ስለማውቀው እርሱም አብሮኝ መስጂድ ይሄዳል እንጂ ሱቅ አያስቀረኝም።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! በቤታችን ውስጥ የሰው ዕዳ የምንጽፍበት ደብተር አይጠፋም። ዛሬ ማታ እንገልብጠውና በጀርባው የራሳችንን እንጀምር። በቀኝና በግራችን ሥራችንን የሚጽፉ መላእክት እንዳሉ እናምናለንና፣ ያ መዝገብ ሳይከፈት በፊት የእኛን ብናይ የምናርመው ብዙ ይሆናል።

አላህ ሙሐሰባችንን ቀላል ያድርግልን፤ የሰጠንንም ችሎታ ለዲኑና ለሰዎች ጥቅም የምናውል ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂት ተውፊቅ፤ ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።